መኪናዋ የቆመችበት

ባሌ የሻው ሌባ ለመባል የወሰነው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሲነግረኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

«ሰረቅሁ እላቸዋለሁ» አለ። «ነዳጅ ቀድቼ ሸጥሁ እላለሁ፣ ያልቃል።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«ጥያቄው።»

የሻው ቢቸና ቢሮ በነበረው የውኃ ጉድጓድ ፕሮጀክት ሾፌር ነበር። በ2006 ዓ.ም. የፕሮጀክቱ መኪኖች ሁሉ ጂፒኤስ ተገጠመላቸው። ከዳሽቦርዱ ሥር የተደበቀች፣ ከሳሙና የማትበልጥ ጥቁር ዕቃ ናት። መኪናዋ በየት እንደሄደች፣ ሾፌሩ በምን ያህል ፍጥነት እንደነዳት፣ የት ቆሞ ሞተር እንዳጠፋ አንድ በአንድ ትመዘግባለች። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሁሉንም ካርታ ላይ ያየዋል። ሾፌሮቹን ማንም አላማከራቸውም። መኪናው የፕሮጀክቱ ነው ተባለ፣ እውነት ነው። መሪውን የጨበጠው ሰውስ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የሻው በየወሩ ቧንቧና ሲሚንቶ ጭኖ ሞጣ ይወርዳል። ዕቃውን ካራገፈ በኋላ ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት በር አጠገብ መኪናዋን ያቆምና ይገባል። ሲወጣ የእሱንም የእኔንም መድኃኒት ይዞ ይወጣል። ዕድሜ ማራዘሚያ የሚሉትን። ቫይረሱ በደማችን ከተገኘ ቆይቷል፣ መድኃኒቱን ሳናጓድል ስለምንወስድ ሁለታችንም ደህና ነን። ቢቸናም ብንጠይቅ አይከለክሉንም ነበር። ነገር ግን ቢቸና ላይ እኔ ምግብ ቤት አለኝ።

ይህን ስናገር አላፍርም። እናደዳለሁ እንጂ። ምግብ ቤቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፣ ጠረጴዛዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ቆሞ ወረፋ የሚጠብቅ አይጠፋም። እህል ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ሁሉ የእኔን ቀይ ወጥ ለምዷል። ሬዲዮው በሽታው በምግብ አይተላለፍም ሲል ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው ሰምተዋል፣ «እውነት ነው» ብለው አንገታቸውን ነቅንቀዋል። እነዚሁ ሰዎች ናቸው ከእኛ ዝቅ ብላ ጠጅ ትሸጥ የነበረችውን ይርጋነሽን የሸሹት። ታማለች ተባለ፣ ብርሌዋን የሚያነሳ ጠፋ። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም ፊት አልነሳትም። ዝም ብለው መምጣት ተዉ። ክረምቱ ሳይወጣ ቤቷን ዘግታ መርጡለ ማርያም ወደ ዘመዶቿ ሄደች።

ታዲያ ፕሮጀክቱ ውስጥ ነዳጅ ጎደለ። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ብቻ የሻው አይደለም። የሻው ከሌላ መኪና ላይ የወደቀ አንድ ጆንያ ጤፍ መንገድ ላይ አግኝቶ ባለቤቱን ፍለጋ ከጉንደ ወይን ቢቸና የተመላለሰ ሰው ነው። እኔም በዚያ ቀን «ጤፉን አምጥተኸው ቢሆን ምን ነበረበት?» ብዬ ተጣልቼዋለሁ።

ካርታውን የሚያየው የስምሪት ኃላፊው ጋሽ አስናቀው ናቸው። ምሳቸውን በየቀኑ እኔ ቤት ነው የሚበሉት፣ ጥጉ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። አይደሉም። የሻውን ጠርተው በር ዘግተው በቀስታ ነበር የጠየቁት።

«የሻው፣ በየወሩ ሞጣ ላይ እዚች ቦታ ሞተር አጥፍተህ ትቆማለህ። እዚያ እኛ ሥራ የለንም። ሥራ አስኪያጁ አይቶታል። ምንድን ነው?»

«ሰው ልጠይቅ ነው።»

«ማንን?»

የሻው መዋሸት አይችልበትም። ሌላ ሾፌር ቢሆን አንዲት አክስት ፈጥሮ፣ አሳምሞ፣ ገድሎ፣ ተዝካሯን ሁሉ ያወጣላት ነበር። የእኔው ባል የጫማውን ጫፍ ሲያይ ቆይቶ ወጣ። ሰኞ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ተነገረው።

እሑድ ዕለት ሽንኩርቱን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«እውነቱን ንገራቸው!» አልኩት። «ከሌባ በሽተኛ አይሻልም?»

«ለእኔ ይሻላል» አለ። «ላንቺ አይሻልም። ባሏ ሌባ የሆነ ሴት ወጧ ይበላላታል፣ ዘሪዬ። ነዳጅ የማይነካ ሾፌር ማን አለ ብለው ይስቁና እንጀራውን ይቆርሳሉ። የዚያኛውን ግን አንቺው ታውቂዋለሽ።»

«እኔን ሰበብ አታድርግ።»

«አንቺን ሰበብ ካላደረግሁ ማንን ላድርግ?»

ይህን ያለው ፈገግ ብሎ ነው። ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፣ እጁን ይዤ አለቀስኩ። ከሥራ ቢያባርሩትም ምግብ ቤቱ ሁለታችንን እንደሚያኖር፣ እሱም ገበያ ወጥቶ ሥጋውንና እንጨቱን እንደሚያመጣ ተነጋገርን። ምክራችን ሁሉ የተጠናቀቀ መሰለን።

ሰኞ ጠዋት ሄዶ ሰረቅሁ አለ። ኮሚቴው ቶሎ የሚለቀው መስሎት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤

«ለማን ሸጥህ?»

እሑድ ሙሉ ቀን ተቀምጠን ስንመክር፣ የተሸጠ ነገር ሁሉ ገዥ እንዳለው ለአንዳችንም አልታየንም። ሌብነት ለማያውቅ ሰው ይህ ከየት ይምጣለት? የሻው ስሙን አላውቀውም አለ። ሥራ አስኪያጁም «ስሙን ባታውቅ ቦታውን እኛ እናውቀዋለን፣ ካርታው ላይ አለ» አለና ጋሽ አስናቀውን በሌላ መኪና ወደ ሞጣ ላካቸው። መኪናዋ የምትቆምበት ነጥብ ላይ ቆመው ገዥውን አጣርተው እንዲመለሱ።

የሻው ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ነገረኝ። እኔ ስልኬን አነሣሁ።

«ምን ልትያቸው ነው?» አለኝ።

ምን እንደምላቸው አላወቅኩም። ብቻ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም ትላለች ሴትዮዋ፣ ደግሜ ስደውል ያንኑ ትላለች። ደብረ ወርቅን አልፈው ይሆናል፣ ጉንደ ወይን ደርሰው ይሆናል እያልኩ እየደወልኩ፣ ደንበኛ እያስተናገድኩ፣ ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። ሰዉ ግን በላ፣ «ዛሬስ ልብሽ ሌላ ቦታ ነው» ብለው ቀለዱብኝ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ተነሣ።

«ጋሽ አስናቀው፣ እባክዎን ይመለሱ» አልኩ።

«ዘሪቱ? አይዞሽ የእኔ ልጅ። አሁን ሞጣ መግባቴ ነው። እኔ የሻው ሰረቀ ቢሉኝ አላምንም፣ እውነቱን ሳላገኝ አልመለስም።»

«እውነቱን ይተዉት። ይመለሱልኝ።»

«ለምን?»

አንድ ቃል ብናገር ኖሮ እዚያው ስልኩ ላይ አውቀውት ያርፉ ነበር። ሳልናገር ብተውም ሄደው ሊያዩት ነው። ሁለቱም ያው ስለሆነብኝ ስልኩን ዘጋሁት። የሻው ጠረጴዛ እየወለወለ ነበር። አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ አስናቀው ወደ ምግብ ቤቴ መጡ። ሲመጡ ይስቃሉ፣ የሰርግ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ይመስላሉ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! የባልሽ ስም ነጻ ወጣ!»

«በምን ነጻ ወጣ?»

ሳቃቸው ቀነሰ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙት። ሞጣ ላይ ከነጥቡ ደርሰው ሲቆሙ ያገኙት አንዲት በር ነው። የባጃጅ ሹፌር ጠየቁ፣ እሱም በዚያ በር ምን ዓይነት መድኃኒት ለማውጣት እንደሚገባ ነገራቸው። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ማታውኑ ተመልሰው ለሥራ አስኪያጁ ነገሩ። ሰው ሳይሰርቅ ሰርቄአለሁ ሲል እንዴት ዝም ይላሉ?

ሥራ አስኪያጁም ወጣት ነው፣ ፍትሕ ይወዳል። በማለዳ የሻውን ለብቻው ጠርቶ መድኃኒቱ የማን እንደሆነ ጠየቀው፣ መዋሸት የማይችለው ባሌም የሁለታችን ነው አለ። ጠዋት ሠራተኛውን በሙሉ፣ ዘበኛና ጽዳት ሳይቀር፣ ግቢ ውስጥ ሰበሰበ። የሻውን አጠገቡ አቆመው። «ወንድማችን ሌባ አይደለም» አለ። ጂፒኤሱ አይዋሽም፣ መኪናዋ የቆመችው የት እንደሆነ አረጋግጠናል ብሎ የበሩን ነገር ተናገረ። እኔንም አልረሳኝም፣ የባለቤቱንም መድኃኒት ጭምር የሚያመጣ ታማኝ ባል ነው አለ። እነዚህን ሰዎች የሚያገል ካለ እሱ ሰው አይደለም ብሎም ገሠጻቸው።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ሁሉም አጨበጨበ» አሉ ጋሽ አስናቀው። «ሥራውም ተመለሰለት። ክብሩም ተመለሰለት።»

ክብር አሉት። በዚያ ሰዓት ያልጮህኩት እሳቸውን ስለማከብር ብቻ ነው። የሰው ገላ ውስጥ ያለውን ገላልጠው ለዘበኛና ለጽዳት ካሳዩ በኋላ በጭብጨባ የሚሸፈን መስሏቸዋል። ማንም እኮ አልሰረቀንም፣ ማንም አልዋሸብንም፣ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ማንን ልክሰስ?

«ይቀመጡ» አልኳቸው። «ወጡ ደርሷል፣ ምሳዎን ቀደም አድርጌ ላቅርብልዎ።»

ጥጉን አዩት። ከዚያ በሩን አዩ።

«ዛሬስ ጾም ይዣለሁ፣ ዘሪቱ። የስለት ነው።»

«ይሁን፣ እግዜር ይቀበልዎ» አልኩ። ማክሰኞ ነበር፣ የፍስክ ወራት ነበር፣ ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በልተዋል። ሲወጡ ትከሻዬን እንደ ወትሮው መታ መታ ሊያደርጉ እጃቸውን አነሡና ወደ ባርኔጣቸው መለሱት።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ምሳ ሰዓት ነው። የፕሮጀክቱ ሠራተኞች ከግቢያቸው ወጥተው በደጄ ሲያልፉ ሰምቼአቸዋለሁ፣ ድምፃቸውን ለይቼ አውቃለሁ። ሁሉም እጅ ነሥተው፣ «እንዴት ዋልሽ ዘሪቱ» ብለው፣ አልፈው ሄዱ። እህል ነጋዴዎቹ አልመጡም። አስተማሪዎቹ አልመጡም። ወሬው በአንድ ጠዋት እንዴት እንዳዳረሰው የሚገርመው ቢቸናን የማያውቅ ሰው ነው። አንድ የአውቶቡስ መንገደኛ ገባ፣ ባዶ ወንበሮቹን አየና «ገና ነው መሰለኝ» ብሎ ወጣ። እውነቱን ነው፣ ሰው የሌለበት ምግብ ቤት ማን ይደፍራል? እኔ ሽርጤን እንደታጠቅኩ ምድጃው አጠገብ ቆሜአለሁ። ይርጋነሽ ያን ክረምት እንዴት እንደዋለችው ያን ጊዜ ገባኝ።

ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ የሻው መጣ። ወትሮ ከጓዳ ነው የሚበላው፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ያን ቀን መሐል ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ በሩ ፊት ለፊት፣ ከውጭ ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ተቀመጠ።

«አጨበጨቡልኝ እኮ» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ቆሜ ነበር። ማንም ሊጨብጠኝ አልመጣም።»

ከዚያ ምሳ አምጭልኝ አለ። አቀረብኩለት። እሱ ትንሽ የሚበላ ሰው ነው፣ ግማሽ እንጀራ ይበቃዋል። ያን ቀን ግን ጠርጎ በላው። ከውጭ ሰው ሲያልፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጣፋጭ ነው!» ይላል። «ጨምሪልኝ» አለ፣ ጨመርኩለት። እንደገና «ጨምሪልኝ» አለ። በውኃ እየገፋ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይጎርሳል። ተው አልኩት፣ አልሰማኝም። ሦስተኛውን ሲጠይቀኝ ጭልፋዬን ይዤ ወደ ድስቱ ጎንበስ አልኩ። ያ ድስት ሙሉ ወጥ ለሠላሳ ሰው የተሠራ ነበር።