የእግሯ ባለቤት

በዚያ መጸው ከፓዶቫ ከተማ በር ውጭ የሚያርስ ገበሬ ከትልሙ ውስጥ አንዲት የነሐስ እግር አገኘ። ጣት የምታክል፣ ከቁርጭምጭሚቷ የተሰበረች፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰች የሴት እግር ናት። በዩኒቨርሲቲ ግሪክኛ የሚያስተምሩት መምህር ፖሊዶሮ ከገበሬው ገዝተው፣ በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ወንድሜ ወደ ቦርቶሎ አመጧት።

"የቀረውን አካሏን ሥራልኝ" አሉት። "የጥንቶቹ ቢያዩት የማያፍሩበት ይሁን።"

ቦርቶሎ ነሐስ አፍሳሽ ነው። ለተማሪዎች በእንቁራሪት አምሳል የቀለም ዕቃ፣ ለቀሳውስት ኩራዝ ይሠራል። እኔ ታላቅ እህቱ ታዴያ ነኝ፤ ቤቱን እይዛለሁ፣ ሰሙን አቀልጥለታለሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ ግራ ዳሌዬ ልክ አይደለም።

መጀመሪያ ቀጥ ብላ የቆመች አምላክ በሰም ቀረጸና እግሯን ከሥር አስጠጋላት።

"የሰው ጫማ ያጠለቀች ትመስላለች" አልኩት።

"ታዴያ፣ አንቺ መቼ ነው አንድ ነገር የሚያምርሽ?" አለና ሰሙን ወደ ድስቱ መለሰው። ሁለተኛዋም፣ አምስተኛዋም እንደዚያው ሆኑ።

ኅዳር ላይ ጉም ከወንዙ ተነሥቶ ከተማውን ዋጠው። ማማዎቹ ጠፉ፤ ደወሉ ከውኃ ሥር የሚደወል ይመስል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ እግሯን በመዳፌ ያዝኳት። ቀስ በቀስ ሞቀች። እንቅልፍ ይውሰደኝ አይውሰደኝ እንጃ፤ ብቻ የማላውቃት ሴት መዳፌን የረገጠችኝ መሰለኝ። ጣቶቿ ተጫኑኝ፤ ተረከዟ ግን ገና አላረፈም። ክብደቷ ሌላ ቦታ ነበር፤ እጇ ላይ፣ ጉልበቷ ላይ። ይህን አውቀዋለሁ።

"ቦርቶሎ፣ ይቺ እኮ አልቆመችም። እየተነሣች ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ዳሌዬ።"

አልሳቀም። እግሯን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ብዙ አያት። ከዚያ "እስቲ ተነሺ" አለኝ።

ሰው እያየኝ መነሣትን ያህል የምጠላው ነገር የለም። "እንግዲያው አታፍጥብኝ" አልኩት።

"እህቴ፣ ካላፈጠጥኩ ምኑን እሠራዋለሁ?"

ተነሣሁ። ተቀመጥኩ። ደግሞ ተነሣሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። በሁለተኛው ቀን እፍረቴ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ጠፋ። መስኮቱ ከጉሙ ነጭ ሆኗል፤ የወንድሜ አውራ ጣት በሰሙ ላይ ይሄዳል። አንዳንዴ እኔ ዝም ብዬ የተቀመጥኩ፣ በእጁ ያለችው ሴት ስለ እኔ የምትነሣ ይመስለኝ ነበር።

ሰሙን ጭቃ አልብሶ እሳት ውስጥ ከተተው፤ ሰሙ ቀልጦ ወጣ፣ በተወው ባዶ ቦታ ነሐስ ፈሰሰበት። ሲበርድ ጭቃውን ሰበርነው። ከድንጋይ ላይ በግማሽ የተነሣች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ የጣለች፣ ዳሌዋ ያዘነበለ ሴት ምንም ሳይጎድላት ወጣች። የጥንቷን እግር በቀጭን ችንካር አያያዘላትና ሁሉንም በዘይትና በጢስ አጠቆረው። መጋጠሚያው አይታይም።

መምህር ፖሊዶሮ መጥተው መስኮቱ ሥር ደጋግመው አገላበጧት።

"ከየትኛው የጥንት ሐውልት ቀዳኸው?"

ወንድሜ አየኝ። እንዳይናገር ራሴን ነቀነቅሁ።

"ከታላቅ እህቴ ነው፣ መምህር" አለ።

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። ቆባቸውን አወለቁ። "አርባ ዓመት ስለ አማልክት አስተማርኩ" አሉኝ። "ከተቀመጡበት እንዴት እንደሚነሡ ግን ጠይቄ አላውቅም።"

"ቀስ ብለው ነው" አልኳቸው።

እንደ አራስ ልጅ ካባቸው ውስጥ ሸሽገው ወሰዷት። በኋላ የአንዲት የወንዝ አምላክ ስም አወጡላት፤ ተማሪዎቻቸውም በዚያው ይጠሯታል። ቦርቶሎ በማግሥቱ ወደ እንቁራሪቶቹ ተመለሰ።

ታኅሣሥ ላይ፣ በቅድስት ሉቺያ በዓል ቀን፣ መምህሩ ቤታቸው ጠሩኝ። በመጻሕፍቱ መካከል፣ ብርሃን የሚያገኛት ቦታ አስቀምጠዋታል። ወይን ቀድተው ስለ እናታቸው ሲያወሩኝ ዋሉ፤ ውጭ በረዶ ጀምሮ ነበር፣ እኔም አልቸኮልኩም።