ዝናብ ያላጠበው ቀለም

በአውቶቡስ ጋራዡ ፍሬኑ ተጠግኖ ያላለቀ መኪና ሲኖር፣ ሽማግሌው መካኒክ በስምሪቱ የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ የመኪናው ሾፌር ስም የሚጻፍበትን ሳጥን ቀይ ይቀቡታል። ሌላ ምልክት የለም። የስምሪት ኃላፊዋ ቀይ ያልሆነውን ሁሉ ታሰማራለች።

ያን ጠዋት አንድ ሾፌር ደወለላት። «አለቃ፣ የፍሬኑ ፔዳል ወለል ድረስ ገባ። በእጅ ፍሬን ነው ያቆምኩት። የተጎዳ የለም፤ ተሳፋሪው ግን እየረገመኝ ነው።»

በንዴት ወደ መካኒኩ ወረደች። «ጋሼ፣ ሰው ሊያስጨርሱ ነው? ለምን አልቀቡትም?»

«ትናንት ቀብቼዋለሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ዝናብ አጠበው?»

የጋራዡ ሠራተኞች ሳቁ። ሽማግሌው ግሪስ የነካውን እጃቸውን አዩ። «እንጃ። ረስቼ ይሆናል» አሉ።

ክስ ልትጽፍባቸው ቢሮዋ ተመልሳ ከትናንት ጀምሮ ያልዘጋችውን ሰንጠረዥ አየች። የሾፌሮቹን ስም ከሌላ ሰንጠረዥ ኮፒ አድርጋ የለጠፈችው ራሷ ነበረች። ጽሑፉን ብቻ መለጠፍ ሲገባት ከነነጭ ሳጥኑ ለጥፋ ቀዩን ሸፍናዋለች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰችው፤ ቀዩ ብቅ አለ። እንደገና ብትሸፍነው ማንም አያውቅም ነበር።

ተመልሳ ወረደችና በሳቁት ሰዎች ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ ቀብተውት ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

መካኒኩ መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ተይው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ አእምሮዬ ከዳኝ ብዬ፣ ሥራ ልለቅ እንደሆነ ለሚስቴ ደውዬ ነገርኳት።»