ኦርቪል ኮሪደሩ ላይ የፈረመው

አከራያችን ሚስተር ስትራውድ ማሞቂያውን ሳንለምነው የጠገነ ዕለት ነው ነገር እንዳለ የገባኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ኮት ለብሰን ስንተኛ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው ነው። ዋሽንግተን ያሉት በበጀት ተኳርፈው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ከዘጉና አብዛኛውን ኪራያችንን የሚከፍልልን የቤቶች ቢሮ ድርሻውን ካዘገየ በኋላ ድንገት አንጀቱ ራራ ማለት ነው? በዚያ ላይ የስኳር ድንች ኬክ ይዞ መጣ። ባለቤቴ ኦርቪል ግማሹን እዚያው ቆሞ በላ፤ እኔ አልነካሁትም።

«ኬክ ደግሞ ምን አደረገሽ ቬርኔታ?» አለኝ።

«ኬኩ ምንም አላደረገኝም፤ ያመጣው እጅ ነው እንጂ» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር እኔ ሰው አላምንም። ዕድሜውን ሙሉ ባልቲሞር ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው እንዲህ ቢሆን አይፈረድበትም። ፖስተኛው ፖስታ ይከፍታል እላለሁ። ፋርማሲስቱ ክኒን ይቀንሳል እላለሁ፤ የኦርቪልን የደረት መድኃኒት ሁሌ እዚያው ባንኮኒው ላይ ነው የምቆጥረው። እሱ ደግሞ ፈገግ ላለለት ሁሉ በሩን የሚከፍት ሰው ነው። እንዲህ ሆነን ነው አብረን ያረጀነው።

በሳምንቱ በራችን ላይ ስለ ዘገየው ኪራይ የፍርድ ቤት መጥሪያ ተለጠፈ። ስትራውድ ደወለና ነገሩ ለወጉ ያህል ነው፣ ቢሮውን ለማስቸኮል ነው፣ ኦርቪል በዚህ ብርድ ምን ያንከራትተዋል፣ እኔ ራሴ ለዳኛዋ አስረዳላችኋለሁ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የመዋጮውን ሳህን የሚያዞረው እሱ ስለሆነ ኦርቪል ቃሉን እንደ ወንጌል ተቀበለው። ከችሎት የቀረ ሰው እንደተፈረደበት እንደሚቆጠር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እንሄዳለን ብዬ ድርቅ አልኩ። የቤቶች ቢሮዋ ሴትዮም መሥሪያ ቤቷ ከመዘጋቱ በፊት በስልክ ቁርጥ አድርጋ ነግራኛለች። የራሳችንን ድርሻ እስከከፈልን ድረስ የመንግሥት ድርሻ ዘገየ ተብሎ ማንም ሊያስወጣን አይችልም፤ ዕዳውም የእኛ አይደለም። ይህንኑ ለኦርቪል ጠዋት ማታ ነገርኩት። እሺ እሺ ይለኛል። ስለ ፖስተኛው ሳወራም እሺ ነው የሚለኝ።

ከዚያ ቤት ብንወጣ መግቢያ አልነበረንም። ኦርቪል ደረጃ መውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ በመንግሥት ድጎማ የሚከፍል ተከራይ የሚቀበል፣ ደረጃ የሌለው ቤት ደግሞ በእኛ ሰፈር አይገኝም።

የፍርድ ቤቱ ኮሪደር እንደ ገበያ ይጫጫሃል። ፋይል የያዘ ሁሉ ስም ይጠራል። የማያውቅ ሰው ስሙ ሲጠራ ችሎት የቀረበ ይመስለዋል። የጠራው ግን የአከራዩ ጠበቃ ነው፤ ግድግዳ ሥር ያስፈርመውና ዳኛ ሳያይ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። አንዲት ወጣት ወደ እኔ መጥታ ያለ ክፍያ የምቆም ጠበቃ ነኝ፣ ላግዛችሁ አለችኝ። ማን ላከሽ አልኳት። ማንም አለች። ማንም ያልላከው ሰው እኔ ዘንድ አይመጣም ብዬ አባረርኳት። ከዚያ ኦርቪልን ከወንበሩ ንቅንቅ እንዳይል አስጠንቅቄው ወደ ሽንት ቤት ሄድኩ።

ስመለስ ቆሟል። ፋይል ለያዘ አንድ ሽበታም ሰውዬ ብዕሩን መልሶለት እጁን ይጨብጠዋል። በገንዘብ ገዙት ብዬ አሰብኩ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

«ጨረስን እኮ» አለኝ ደስ ብሎት። «ጨዋ ሰው ነው። ስለ ደረቴ ሁሉ ጠየቀኝ።»

ወረቀቱን ነጥቄ አነበብኩት። የዘገየውን ኪራይ በሙሉ እስከ ወሩ መጨረሻ እንከፍላለን፣ ካልከፈልን ቤቱን እንለቃለን ይላል።

ችሎት ስንገባ ዳኛዋ ስምምነቱን አገላብጠው አዩና ኦርቪልን ጠየቁት። የመንግሥት ድርሻ የእሱ ዕዳ እንዳልሆነ ከመፈረሙ በፊት የነገረው ሰው ነበር ወይ? የለም በል ብዬ በልቤ ለመንኩት። የለም ካለ ሳያውቅ ነው የፈረመው ተብሎ ወረቀቱ ሊሰረዝ ይችላል። ግን ኦርቪል ነው፤ መዋሸት አያውቅበትም።

«ባለቤቴ ነግራኛለች፣ የተከበሩ ዳኛ» አለ። «በየቀኑ ነግራኛለች። እኔ ግን አላመንኳትም። ስለ ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው የምትለው።»

ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ስትራውድም ከኋላችን ሲስቅ ሰማሁት። ፊቴ ነደደ፤ ለጊዜው ቤቱንም ረሳሁት።

ዳኛዋ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው «የኪራይ ውሉ ላይ ያለው የሁለታችሁም ስም ነው። እርስዎስ ፈርመዋል?» አሉኝ።

«እኔ የማንንም ወረቀት አልፈርምም» አልኩ።

ሁለታችንም ካልፈረምን ስምምነት የለም ብለው ሰረዙት። የራሳችንን ድርሻ የከፈልንበትን ደረሰኝ አሳየኋቸው። የቀረውን ከቢሮው ጠይቅ ብለው የስትራውድን ክስ ዘጉት። እሱም ኮፍያውን አነሣና ቀና ብሎ ሳያየን ወጣ።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተሳፈርን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላመንኳትም ያለው ግን ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር። ኦርቪል ብዙ መንገድ መስኮቱን እያየ ከሄደ በኋላ ዞረ።

«ኮሪደሩ ላይ ስትመጪ ፊትሽን አየሁት» አለ። «ምን መስሎሽ ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። ቤቱን የሚያሳጣው ሆኖ እንኳ እውነቱን የተናገረ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ከበደኝ።

«የገዙህ መስሎኝ ነበር» አልኩት።

ትንፋሹ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«በስንት?» አለኝ።

ዋጋውን እንኳ ሳላስብ ነበር የሸጥኩት። አውቶቡሱ ሰፈራችን ሲቆም እንደ ሁልጊዜው ክንዴን ዘረጋሁለት። ኦርቪል የበሩን ብረት ጨብጦ ቀስ እያለ ብቻውን ወረደ።