ባለ አራት ቀዳዳው ቸርኬ

ክላይቭ ቸርኬ ፍለጋ አብሬው እንድዞር ሲለምነኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ ነገሩን ካላየሁ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል።

ክላይቭ ጎረቤቴ ነው። በወጣትነቱ አዲስ የገዛት ቀይ ማዝዳ ስፖርት መኪና አለችው፤ እሱ ብቻ የሚነዳት፣ እሱ ብቻ የሚያጥባት። በክረምቱ መግቢያ ላይ፣ እዚሁ አውስትራሊያ፣ ዋላሩ ከተማ ውስጥ፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ገጨና አንዱን ቸርኬ ሰነጠቀው። ዓይኑ ደክሞ ነው። የዓይን ሐኪሙም ቁርጡን ነግሮታል፤ ወሩ ሲያልቅ መንጃ ፈቃዱን ይመልሳል። ከዚያ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሚስቱን ሜርልን አጠገቡ አስቀምጦ በባሕሩ ዳር መንገድ መንዳት ይፈልጋል። ሲጋቡ የሄዱበት መንገድ ነው። መኪናዋ ግን ጋራዡ ውስጥ ግንድ ላይ ተሰቅላለች። ስኮርታዋ ድሮ ዝጎ ተጥሏል፤ የተሰነጠቀውንም በያጁ አየት አድርጎ “ይሄ አይታመንም” ብሎ መልሶታል።

አንድ ቸርኬ ማግኘት ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። አራት ቀዳዳ ያለው ቸርኬ በየጓሮው ዶሮ ያድርበታል። ጉዱ ያለው በቀዳዳዎቹ መሀል ነው። ከአንዱ ቀዳዳ መሀል ትይዩው እስካለው ቀዳዳ መሀል ሲለካ፣ የብዙው ሰው ቸርኬ መቶ አሥራ አራት ሚሊሜትር ከምናምን ነው፤ የክላይቭ መቶ አሥር። በዓይን ሲያዩት አንድ ነው። ብሎኑ ላይ ሲሞክሩት አንዱ ገብቶ ሌላው አሻፈረኝ ይላል። ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ለምን? ብዬ ስጠይቅ ክላይቭ “እሱን ብታውቅ ቸርኬው ይገኛል?” አለኝ።

እሁድ ጠዋት የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ወደሚቆምበት ሜዳ ሄድን። ለናሙና ከደህናዎቹ ጎማዎች አንዱን ፈቶ ፒክአፔ ላይ ጫነው። ከዚያ ተጎታቹን እየገፋ መጣ።

“አንዲት ጎማ ለማምጣት ተጎታች?” አልኩት።

“ካገኘን አራቱንም እንገዛለና! ደግሞ ገበያው ላይ ምን እንደሚገኝ በምን ታውቃለህ?”

እውነት ነው፣ በእኛ አገር ወደዚያ ገበያ ያለ ተጎታች የሚሄድ የለም። ያቺ ተጎታች የሜርል ሟች ወንድም የኬቭ እጅ ሥራ ናት። ሜርል በቅርቡ ከላይ እስከ ታች፣ ቸርኬዋን ሳትተው፣ አረንጓዴ ቀለም ለቅልቃታለች። ቆሻሻ የምታመላልስ ተጎታች እግሯ ድረስ ስትኳል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሜርልን ብጠይቃት “እጄ ሥራ ፈቶ ነው” አለችኝ። ነገሩ አልተዋጠልኝም ነበር።

ሜዳው ላይ ሰው ሸራ አንጥፎ የአባቱን ጋራዥ በሙሉ ዘርግቷል። አንድ ጺማም ሰውዬ በዳቦ የጠቀለለውን ቋሊማ እየገመጠ ቸርኬ አነሳልን።

“ይሄ ልክ ነው ወንድሜ። ዓይኔን ጨፍኜ እምልልሃለሁ።”

“ዓይንህን ግለጥና ለካው” አልኩት።

ተለካ። መቶ አሥራ አራት። ሌላው ዘንድ ሄድን፣ ያው። እንዲህ እያልን ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ጨረስነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴትዮ “ቀዳዳዎቹን በሞረድ ትንሽ ሰፋ ብታደርጓቸውስ?” አለች።

ክላይቭ ወደ እኔ ዞረ። “ለአንድ ቀን እኮ ነው፣ ሌስ።”

“ሜርልን አስቀምጠህ? በሞረድ በተፋቀ ቀዳዳ?” ደሜ ፈላ። “አብደሃል እንዴ አንተ ሽማግሌ!”

ክላይቭ ናሙናውን አቅፎ ወደ ፒክአፑ ተመለሰ። እንደዚያ ተሰብሮ አይቼው ስለማላውቅ በጣም አዘንኩለት።

ስንመለስ፣ የስንዴ ማሳዎቹ መሀል፣ የተጎታቿ አንድ ጎማ ተነፈሰ። ለተጎታች ስኮርታ ማን ይይዛል? በክሪክ አንስቼ ጎማውን ፈታሁት። አራት ብሎን። ናሙናችን እዚያው ተጋድሟል።

“ይሄን ብንሞክረውስ?” አልኩ።

“ቀኑን ሙሉ ለማንም አይሆንም ሲባል አልሰማህም?”

“ለማየት ያህል።”

አነሳሁና አስጠጋሁት። ሹልክ ብሎ ገባ። አራቱም። ዳዶዎቹን በጣቴ አዞርኳቸው፣ አንዱም አላንገራገረ።

“ክላይቭ፣ ና እስቲ።”

የተነፈሰውን ጎማ መንገዱ ዳር አጋድሜ ቀለሙን በቢላ ፋቅኩት። ክላይቭ ተንበርክኮ ቸርኬውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ዙሪያውን፣ እንደገና መሀሉን። ዓይኑ ያልለየውን እጁ ለየው።

“የኔ ነው” አለ። “የኔው ዓይነት ነው።”

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እዚህ ተጎታች የሚሠራ ሰው አንድ ስኮርታ ለሁለቱም እንዲሆን በሚጎትታት መኪና ጎማ ልክ ነው የሚሠራት። ኬቭ ያኔ የነበረችው የቤት መኪና አሮጌ ማዝዳ ነበረች፤ ቸርኬውን ከአንዲት ከተጋጨች የክላይቭ መኪና እህት ነቅሎ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የፈለግነውን ከኋላችን ስንጎትት ዋልን! ክላይቭ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቀለሙ ከነከነኝ።

ቤት ስንደርስ ሜርል በር ላይ ቆማለች። ተጎታቿ ላይ የታሰረውን የማዝዳዋን ጎማ አየች።

“አገኛችሁት” አለች።

“ታውቂ ነበር?” አለ ክላይቭ።

“ከኬቭ ጋር ሆኜ ነው ያሰርኩት። የቀባሁትም እኔ ነኝ፣ መኪናዋ በተሰበረች ሳምንት።”

“ሜርል! ለምን? የመጨረሻዬ መሆኑን እያወቅሽ?”

“ዳቦ ቤቱ ጋ አጠገብህ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ብስክሌቷን ይዛ ጠርዙ ላይ ቆማ ነበር። መሪውን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ለጥቂት ዳነች። አንተ አላየሃትም። እስከ ዛሬም አላየሃትም፣ ክላይቭ።”

እዚያ መቆሜን ጠላሁት። ክላይቭ ጋራዡን ከፈተና “ሌስ፣ ክሪኩን አምጣ” አለኝ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አላወቅሁም፤ መጠየቅም ፈራሁ። ናሙናውን ወደ ቦታው መለስነው። ኬቭ ተጎታቿ ላይ የተወልንን ሁለተኛውን፣ ያልተነፈሰውን፣ አረንጓዴውን እንደ ለበሰ በተሰነጠቀው ፋንታ አሰርነው። መኪናዋ በአራት እግሯ ቆመች፤ ሦስቱ ብርማ፣ አንዱ አረንጓዴ።

ክላይቭ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለሜርል ሰጣት።

“እኔ?” አለች። “አንድ ቀን አስነክተኸኝ ታውቃለህ?”

“ሁለተኛው ማርሽ ያንገራግራል። አትታገዪው።”

መሪው በቀኝ ነውና፣ ዞሮ በግራው፣ በተሳፋሪው በር ገባ፤ በዚያ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። ቀበቶውን በለመደው ትከሻ በኩል ቢዳብስ አጣው። ሜርል ተሻግራ ሳበችና አሰረችለት።

“መንገዱን ንገሪኝ” አላት። “ያየሽውን ሁሉ።”