አትሌት አስናቀ ለአምስተኛ ጊዜ አረፈ

አትሌት አስናቀ ውቤ ለአምስተኛ ጊዜ ባረፈ ማግስት ቀበርነው። ወደ መቃብሩ የሄደው በራሱ እግር ነው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ከሰዎች ጋር ፎቶ ተነሣ። ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ትከሻው አካባቢ ትንሽ እንደሚጠብበው ተናገረ፤ አናጺውም ይቅርታ ጠየቀው።

ጥፋቱ የሬዲዮኑ ነው ይባላል። የስፖርት ዜና አንባቢው «አትሌት አስናቀ ውቤ ከሩጫ አረፈ» ማለት ሲገባው፣ ሰዓት አልቆበት «አትሌት አስናቀ ውቤ አረፈ» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ገባ። የሰፈራችን ዕድር ይህን ሰምቶ ማለዳ ጡሩንባ አስነፋ። ስህተቱ ሲታወቅ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ ነበር። አስናቀ ራሱ ጥቁር ኮት ለብሶ መጥቶ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጧል። የዕድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ አልጋነሽ መነጽራቸውን አድርገው መዝገባቸውን ገለጡ። መዝገቡ ላይ «ያረፈበት ቀን» የሚል ዓምድ አለ። «በስህተት» የሚል ዓምድ የለም።

«አርፏል ወይስ አላረፈም?» ብለው ጠየቁ።

«አርፏል» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ትገተራላችሁ? ሂዱ ቆፍሩ!»

ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ስሜ ፋንታሁን ነው። በወንዝ ማዶ የአትሌቲክስ ክለብ ለአሥራ አራት ዓመት ተጠባባቂ ሯጭ ነበርኩ። ክለባችን ወደ ትልቁ የሀገር አቋራጭ ውድድር በየዓመቱ ሦስት ሰው ይልካል፤ እኔ አራተኛ ነኝ። አሠልጣኛችን ዳምጠው የተመራጮቹን ስም የሚጽፉት በእስክሪብቶ ነው። አስናቀ ሲያርፍ የእኔን ስም በቦታው ያስገባሉ፤ ስሜን ግን በእርሳስ ነው የሚጽፉት። «ምን ይታወቃል» ይላሉ። ላጲሱ ሁልጊዜ ከመዝገቡ ጋር በክር ታስሮ ይኖራል።

የመጀመሪያውን ጊዜ አስናቀ ያረፈው ጉልበቱን አሞት ነው። አዳራሽ ተከራይተን ሸኘነው። ካባ ደረበ፣ ጫማውን አዳራሹ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀለ፣ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ያኔ ከልቤ ነበር። ለውድድሩ ስምንት ቀን ሲቀረው ተመልሶ መጣና «ሀገሬ ስትጠራኝ ጉልበቴን አልሰማም» ብሎ ጫማውን ከምስማሩ አወረደ። በሁለተኛው «ከልጆቼ ጋር ልኑርበት» አለ፤ ከሁለት ወር በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ሻንጣውን ይዘው ካምፕ ድረስ ሸኙት። በሦስተኛው ንብ ሊያነብ ገጠር ገባ። ንቦቹ ቀፎውን ሳይለምዱት እሱ ተመለሰ። በአራተኛው ምክንያት አልሰጠም፣ ሁለት እጁን አንሥቶ «በቃኝ» ብቻ ነው ያለው። እኔም አመንኩት። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ በሃፍረት ይግላል። ምስማሩ እንኳ ከመመላለሱ ብዛት ተወላግዶ ነበር፣ እኔ ግን አመንኩት።

አባቴ እኔ ስሮጥ ለማየት ከገጠር ሁለት ጊዜ መጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ ስሜ በእርሳስ ተጽፎ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እሱ አውቶቡስ ላይ እያለ ተፋቀ። በሁለተኛው፣ ውድድሩ አልቆ ሰው ሲበተን ፈልጎ አገኘኝና «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው መሰል ሳለይህ ቀረሁ። የትኛው ነበርክ?» አለኝ። «ጃኬት የያዘው» አልኩት። የአስናቀን ጃኬት ነበር የያዝኩት። አባቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀና «ጥሩ አያያዝ ነው የያዝከው» አለኝ። በዚያው ክረምት ሞተ። የእሱ እውነተኛ ሞት ነው።

ስለዚህ በቀብሩ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። መዋሸት አልችልም።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ቄሱ ትንሽ አመነቱ። «ሟቹ ያወራል እኮ» አሉ።

«አርፏል አባ» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ። «በሬዲዮ ተነግሯል።»

«ካረፈማ ምን ይደረጋል፣ ነፍሱን ይማር።»

«አሜን» አለ አስናቀ ከሳጥኑ ውስጥ።

ከዚያ በጣቱ ጠራኝ። ጎንበስ አልኩለት።

«ፋንታሁን፣ ሰው በዛ?»

«በዝቷል ጋሼ። ወፍጮ ቤቱ ድረስ ቆሟል።»

«ካለፈው ሽኝት ይበልጣል?»

«በእጥፍ።»

ፊቱ በራ። ኮቱን አስተካከለና «ክዳኑን ትንሽ ቆይተህ ግጠመው፣ ልያቸው» አለኝ። ትንሽ ቆየሁና ገጠምኩት። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ለእንዲህ ያለ ሳጥን ስምንት ይበቃል፤ እኔ አሥራ አራት መታሁ። አፈሩንም ሌሎቹ ደክሟቸው አካፋ ሲያስቀምጡ እኔ አላስቀመጥኩም።

በማግስቱ አሠልጣኝ ዳምጠው ቢሮ ጠሩኝ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስሜ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። አላምን ብዬ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጣቴ ላይ ቀረ። እስከ ማታ እጄን አልታጠብኩም።

«ዘንድሮ ሠላሳ ሰባት ሞላህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ከዚህ በኋላ ግምጃ ቤት ነው የምንመድብህ። ይህቺ የመጨረሻህ ናት፤ እወቃት።»

አውቃታለሁ አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ ለሣልስቱ፣ ሕዝቡ መቃብሩ ድረስ ሄዶ አልቅሶ ተመለሰ። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተንበርክኬ ጆሮዬን ሳስጠጋ ከሥር የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም። የአስናቀ ግራ እግር ከቀኙ ጥቂት ዘግየት ብሎ ነው የሚያርፈው፤ አሥራ አራት ዓመት ከኋላው ሆኜ አይቼዋለሁ።

«ጋሼ?»

«ፋንታሁን ነህ? ጥሩ መጣህ። ለአሠልጣኙ ተመልሻለሁ ብለህ ንገርልኝ።»

«አርፈሃል እኮ።»

«ልምምድ ጀምሬያለሁ። እዚህ አየሩ ቀጭን ነው፤ ለሳንባ ይጠቅማል።»

«አይሆንም።»

«ምን ማለትህ ነው? አራት ጊዜ ሆኗል እኮ።»

«አራቱንም ጊዜ ከቦታው የተነሣሁት እኔ ነኝ!» አልኩ። ጮኼ ነበር። አጥሩ ላይ የነበሩት ርግቦች በረሩ።

የሩጫው ድምፅ ቆመ። አስናቀ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ሽኝቱ ሲያልቅ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ» አለ። «እኔ ከዚያ አዳራሽ ወጥቼ ወዴት እንደምሄድ አንድ ቀን ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?»

አልጠየቅነውም። አነጋገሩ አንጀቴን በላው፣ እጄም ሳላዝዘው አፈሩን መጫር ጀምሮ ነበር። ከዚያ አባቴ ያንን ጃኬት እንዴት እንዳየው ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ወንዝ ወረድኩ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሜ መጣሁና ደረቱ በሚሆንበት በኩል አስቀመጥኩ። በሚቀጥለው ቀን ከልምምድ መልስ ሌላ ጨመርኩ። በየቀኑ አንድ። ሰፈርተኛው ክምሩን እያየ «ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው» ይለኝ ጀመር። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም መረቀችኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ነገሩ ግን ከአሠልጣኙ ጆሮ ደረሰ። አስናቀ ሳጥኑ ውስጥ ሞባይሉን ይዞ ገብቶ ኖሯል። አሠልጣኝ ዳምጠው እኔን አስከትለው ወይዘሮ አልጋነሽ ዘንድ ሄዱ። በመንገድ ላይ እስክሪብቶው ከኪሳቸው ጫፍ ይታያል፣ እኔ ከእሱ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።

«መመለስ ይፈልጋል» አሏቸው አሠልጣኙ።

ወይዘሮ አልጋነሽ መዝገቡን ገለጡ። «ስሙ ተሰርዟል። ድንኳኑ ተነቅሏል። ንፍሮው ተበልቷል።»

«ሕዝቡ ይፈልገዋል እኮ፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ሕዝቡ የበላውን ንፍሮ ይመልስ። እፍኝ ሳይጎድል። ከዚያ እናያለን።»

አሠልጣኙ ጥቂት አሰቡና ይህ እንደማይቻል ተስማሙ። ስሜ በእስክሪብቶ እንደተጻፈ ቀረ። በዚያ ሳምንት ከድንጋዮቹ ሁሉ የሚከብደውን መርጬ ወሰድኩለት። ሳስቀምጠው ከሥር የእግሩ ድምፅ አላቋረጠም። እየሮጠ ነበር።

ውድድሩ የዋለው አርባው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሣሩ የጥቅምት ሣር ነው፣ ከገመዱ ጀርባ ሰው በሰው ላይ ተደርቧል። ጃኬቴን አውልቄ ለአንድ ለማላውቀው ልጅ እግር ሯጭ ሰጠሁት። ሲቀበለኝ ፊቱን አየሁት፤ የገዛ ፊቴን ያየሁ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ከዚያ መስመሩ ላይ ቆምኩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከጎን ያየሁት መስመር ከላይ ሲያዩት ቀጭን ነው።

ሽጉጡ ተተኮሰ።

የመጀመሪያውን ዙር ሳጋምስ ቀኝ እግሬ መሬት ሲነካ ከሥር ሌላ እግር ነካኝ። ውስጥ እግር ከውስጥ እግር ጋር ተጋጠመ። ግራዬ ሲያርፍ እንደገና። የግራው ትንሽ ዘግየት አለ። አስናቀ ከሥሬ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ እየሮጠ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

አስናቀ ግን ሩጫ ላይ ትንፋሹን በከንቱ የሚጨርስ ሰው አይደለም።

እኔ ረገጥኩት። በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዜን አስቀድሜ፣ ባለኝ ኃይል ረገጥኩት። ለጉልበቱ ረገጥኩት፣ ለንቦቹ ረገጥኩት፣ ለዚያች «በቃኝ» ለምትል ቃሉ ሁለቴ ረገጥኩት። በዚህ ዓይነት የሚሮጥ ሰው ቶሎ ይደክማል ይባላል፤ እኔ አልደከመኝም። ሦስተኛው ዙር ላይ ሁሉንም አልፌ ወጣሁ። አራተኛው ላይ ዘወር ብዬ ሳይ ተከታዬ በጣም ሩቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ይህን የሚመሰክርልኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

የመጨረሻውን መታጠፊያ ስዞር እልልታውን ሰማሁ። ጭብጨባውም ነበር። ግን ድምፁ ታፍኖ፣ ቤት ዘግተው የሚደግሱ ሰዎች ድምፅ ሆኖ ነበር የሚመጣው። ወደ ሕዝቡ አየሁ። ገመዱን አልፈው ሜዳው ውስጥ ገብተዋል። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው፣ ቀጥሎ ተንበርክከው፣ በመጨረሻም በደረታቸው ተኝተው፣ ጉንጫቸውን ሣሩ ላይ አድርገዋል። እልልታቸው የሚገባው ወደ አፈሩ ነው። የሚያጨበጭቡት መሬቱን እየጠፈጠፉ ነው። ፖሊሶቹ ተኝተዋል። የቀይ መስቀል ልጆች ቃሬዛውን አስቀምጠው ተኝተዋል። አሠልጣኝ ዳምጠው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጆሯቸውን መሬት ላይ ለጥፈው ፈገግ ብለዋል። ዳኛው የሰዓት መያዣውን አፈሩ ላይ አስጠግቶ ይጠብቃል።

ሪባኑን የያዙት ሁለት ሴቶችም ተኝተው ስለነበር ሪባኑ ሣሩ ላይ ነበር። በቁርጭምጭሚቴ በጠስኩት።

ማንም ቀና አላለም። መስመሩ ላይ ቆሜ መርገጤን ቀጠልኩ፤ እግሬን ማቆም አልቻልኩም፣ ማቆምም አልፈለግኩም። እግሬ ሥር የተኛች አንዲት ሴት ጭንቅላቷን ሳታነሣ ባቴን መታ መታ አደረገችኝ።

«ወንድሜ፣ እባክህ አትርገጥ» አለች። «ሲመጣ እንዳንሰማው እያደረግከን ነው።»

ቆምኩ። እልልታው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከአጥሩ እስከ ዛፎቹ ድረስ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በደረቱ ተኝቶ ትንፋሹን ይዟል፤ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ከጫማዬ ሥር ያለው ሣር ቀስ ብሎ እያበጠ ወደ ላይ ያነሣኝ ጀመር።