ሐቅ ያለው ይምጣ

ናዝሬት ውስጥ ስለ አብደላ የሚያወራ ሁሉ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ…» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያቆማል። እኔ የምፈልገው ከ«እንጂ» በኋላ ያለውን ነበር። ሙት መውቀስ ነውር ከሆነ እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ነውር ለመሥራት ነው።

ደመወዙን የሚከፍሉኝ ጋሼ መርዳሳ ናቸው፤ ያውም ወር ሲሞላ ካላቸው። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አንድ ክፍል ቢሮ፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ያረጀ የጽሕፈት መኪና አላቸው። በጥብቅና ሠላሳ ዓመት ቆይተዋል። እኔ ከስድስት ኪሎ በሕግ ከተመረቅሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። «ሱታ፣ ጉዲ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ስሜ ጉዲቱ ነው። ቀስ ማለት አልችልበትም።

አብደላ የልብስ ስፌት ማስተማሪያ ነበረው። ከመቂ፣ ከዓለም ጤና፣ ከሞጆ የሚመጡ ሴቶች ስድስት ወር ተምረው ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌላቸው እዚያው ያድሩ ነበር። አብደላ ከእነዚህ መካከል እየመረጠ፣ ቁልፏ በእሱ እጅ ብቻ ባለች ጓዳ ውስጥ፣ ለዓመታት ሴቶችን በጉልበት ደፈረ። ይህን ለስለስ አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ ማንን እንደሚጠቅም ግን አላውቅም። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አባል ሆነ። አቤት የሚባልበት በር ላይ ራሱ ተቀመጠ ማለት ነው። በ1973 ጥር ላይ ስኳር በሽታ ገደለው።

በወሩ ዙለይካ ቢሯችን መጣች። መቂ ገበያ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ከመናገሯ በፊት የቀሚሷን ጠርዝ ስፌት በጣቷ የምትፈትሽ ሴት ናት።

«የተቀበረ ቀን» አለች፣ «ወንድሜ ሶላቱ ላይ ነበር። ከመስገዳቸው በፊት ልጁ ተነሣና…»

«ዙለይካ፣ ለቅሶውን ተዪው። እሱ ዘንድ ስፌት የገባሽው መቼ ነው?»

«ስድሳ አራት።»

ጻፍሁ። የሚጻፈው እሱ ነበርና።

ከእሷ በኋላ ሌሎች ስድስት መጡ። አብዛኞቹ አይተዋወቁም፤ የተማሩበትም ዓመት የተለያየ ነው። ሁሉም ግን ያችን ጓዳ፣ መስኮት የሌላትን፣ ጥግ ላይ የጨርቅ ጥቅል የተደገፈባትን፣ አንድ ዓይነት አድርገው ነገሩኝ። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

ሕጉ አያስቸግርም። ሰው ሲሞት የወንጀል ክሱ አብሮት ይቀበራል፤ የካሣ ዕዳው ግን አይቀበርም፣ ንብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አብደላ የተወው ንብረት አንድ መኖሪያ ቤትና ሃያ ሁለት የስፌት መኪና ነው። ቤቱን ሰባቱም አንፈልግም አሉ፤ ሚስቱ ትኖርበታለች። የቀሩት መኪናዎቹ ናቸው። እነሱ ከሄዱ ብንረታም የምንረታው ባዶ ክፍል ነው።

ስለዚህ መኪናዎቹ እንዲታገዱልን አውራጃ ፍርድ ቤት አመለከትን። ዳኛው ማመልከቻዬን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ይህ ራሱ ብርቅ ነው።

«ማንን ነው የከሰሳችሁት?»

«የሟች ወራሽ የሆነውን ልጁን፣ መሐመድዘይንን።»

«ወራሽነቱ በማን ተረጋገጠ?»

«ክቡር ዳኛ፣ ብቸኛ ልጁ ነው። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል።»

«ከተማው ማስረጃ አይሰጥም። የወራሽነት ማስረጃ ይቅረብና እንነጋገራለን። ሁለት ሳምንት።»

ትክክል ነበሩ፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ደጅ ስንወጣ ጋሼ መርዳሳ ባርኔጣቸውን አደረጉና «ሱታ» አሉ።

ዓርብ ዕለት ዙለይካ ቢሮ ተቀምጣ ምስክርነቷን አነብላት ነበር፤ ሙሉዬ ሳታንኳኳ ገባች። ሙሉዬ ከሰባቱ አንዷ ናት፤ ዓለም ጤና ሽንኩርት ትለቅማለች፣ ትመርጣለች፣ ጆንያ ትሰፋለች። ናዝሬት ድረስ የመጣችው ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ሆና ነው፤ ሽታው አብሯት ገባ።

«ጠበቃዋ፣ ወረቀትሽን አጣጥፊው» አለችኝ። «ማክሰኞ ዕቃው ሊሄድ ነው።»

«የት?»

«ሻሸመኔ። ደላላው የማክሰኞውን ሽንኩርት ጫንልኝ ቢለው ሹፌሩ አይመቸኝም አለ። ከናዝሬት ሃያ ሁለት የስፌት መኪና አደርሳለሁ አለው። ናዝሬት ውስጥ ሃያ ሁለት የስፌት መኪና ያለው ስንት ሰው ነው?»

«የወራሽነት ማስረጃ ሳይኖረው ማን ይገዛዋል?»

«ሰኞ ያወጣል» አሉ ጋሼ መርዳሳ ከጠረጴዛቸው። «ሙስሊም ነው፣ ቃዲው ዘንድ ነው የሚሄደው። ሰኞ ማስረጃውን ይቀበላል፣ ማክሰኞ ይጭናል። በሁለተኛው ሳምንት እኛ ማስረጃውን ይዘን ስንቀርብ መኪናዎቹ ሻሸመኔ ልብስ ይሰፋሉ።»

ሙሉዬ «እኔ ያንን መኪና ባየው እንኳ አልነካውም» አለች፤ «ግን እሱ ሸጦ ሊበላው?»

ዙለይካ የቀሚሷን ጠርዝ ለቀቀችው። «አሁንስ ስለ ቀብሩ ልናገር?» አለች።

«ተናገሪ።»

«እኛ ዘንድ ሟች ላይ ከመሰገዱ በፊት የቅርብ ዘመድ ይነሣል። አባቴ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ወደ እኔ ይምጣ፣ እኔ እወጣዋለሁ ይላል። ሟች የሰው ሐቅ ተሸክሞ አፈር እንዳይገባ ነው። መሐመድዘይንም አለ። ወንድሜ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ በጆሮው ሰምቷል። መስጊዱ ሙሉ ሰው ሰምቷል።»

«እና?»

«በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ስንት ነው ያበደርሽው አለኝ። ብር አይደለም አልኩት። ምን እንደሆነ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሞቷል እኮ፣ ዐፉ በዪው አለኝ። ይቅር በዪው ማለቱ ነው። ከዚያ በሩን ዘጋው።»

እስክርቢቶዬን አስቀመጥሁ። ልጁ ሐቅ ያለው ይምጣ ብሎ በአደባባይ ጠርቷል። ሐቅ አለኝ የምትል ሴት መጥታለች። ያውቃታል። ሰኞ ቃዲው ፊት የሚጠይቅ የለም ቢል ውሸት ነው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ጊዜ ጀመርኩልሽ። ለቅሶውን ተዪው አልሽኝ።»

ሙሉዬ ሳቀች። ጋሼ መርዳሳም ሰምተዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገብ ቸኩዬ ስዘጋ «ለቅሶውን ተዪው!» ይሉኛል። ይገባኛል።

ቅዳሜና እሑድ ሁለት ገጽ መቃወሚያ ጻፍሁ። ሰኞ ጠዋት ቃዲው ደጃፍ ላይ ለዙለይካ ሰጠኋት። እዚያ ውስጥ ጥብቅናዬ ብዙ አይፈይድም፤ ያደግሁት ጴንጤ ቤት ነው፣ የምለውን እንጂ የሚባለውን አላውቅም። ሻሽ አስሬ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ከፊታችን ዐሥራ አምስት ያህል ወንዶች አሉ፤ ነጋዴ፣ ሹፌር፣ የአብደላ ጎረቤት። ዙለይካ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወንዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ልትተዪው ትችያለሽ» አልኳት በሹክሹክታ። ማለት ስለሚገባኝ ነው ያልኩት።

«ከእነዚህ ግማሾቹ ዩኒፎርም ያሰፉብኛል» አለች። «ከዛሬ በኋላ ወይ ያሰፋሉ ወይ አያሰፉም።»

መሐመድዘይን ተጠራ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። ቃዲው ማመልከቻውን አነበቡለት፦ ሟች አባቴ ነው፣ ሌላ ልጅ የለውም፣ ከሟች ላይ የሚጠይቅ የለም።

«የሚቃወም አለ?»

ዙለይካ ተነሣች። ወረቀቴን አግዳሚው ላይ ትታው ሄደች።

«ያ ሼህ፣ እኔ ዙለይካ ነኝ፤ የመቂ። ሟቹ ቤት ስፌት ተምሬያለሁ። በሰውነቴ ላይ በጉልበት ግፍ ሠርቶብኛል። ብቻዬንም አይደለሁም፣ ሰባት ነን። ልጁ ሐቅ ያለው ይምጣ አለ። መጣሁ። በር ዘጋብኝ። አሁን ደግሞ የሚጠይቅ የለም ብሎ ጽፏል።»

ከወንዶቹ አንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ፤ ከሌላው ጥግ «ሙት ላይ እንዲህ ይባላል?» የሚል ድምፅ መጣ። ቃዲው እጃቸውን አነሡ።

«መሐመድዘይን፣ ጃናዛው ላይ ምን ብለህ ነበር?»

«ያው… የሚባለውን ነው ያልኩት፣ ያ ሼህ።»

«የሚባለው ምንድነው?»

«ሐቅ ያለው ወደ እኔ ይምጣ፣ እኔ እወጣዋለሁ።»

«ይህች ሴት መጥታለች?»

በሶላቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበረው የዙለይካ ወንድም በር ላይ ቆሟል፤ መሐመድዘይን አየው።

«የሱቅ ዕዳ ነበር ያሰብኩት» አለ።

«የሱቅ ዕዳ ያለው ይምጣ ብለሃል?»

«አላልኩም።»

«ሴትዮዋ መጥታለች ወይስ አልመጣችም?»

«መጥታለች።»

ቃዲው ከጸሐፊያቸው ጋር ቀስ ብለው ተነጋገሩ። እኔ እስከ ማክሰኞ የቀረውን ሰዓት በጣቴ እየቆጠርሁ ነበር። ከዚያ ተናገሩ። መሐመድዘይን የሟች ልጅና ወራሽ መሆኑ ታውቋል። ነገር ግን በእኛ ሕግ ዕዳ ከውርስ ይቀድማል፤ ጠያቂ መኖሩን ራሱ አምኗል። ሐቁ እውነት መሆን አለመሆኑን፣ መጠኑንም የሚለየው ክሱን የያዘው የመንግሥት ፍርድ ቤት ነው። እስኪለይ ድረስ ከንብረቱ አንድም ነገር እንዳይነካ።

«ግልባጭ ይሰጠን» አልሁ ከኋላ፤ ሳልጠየቅ። ቃዲው ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ማነሽ?»

«ጠበቃዋ ነኝ።»

«ጎበዝ ደንበኛ አለሽ» አሉኝ።

ግልባጩ ሲጻፍ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ነበር። ጋሪ ያዝን። ፈረሱ ከጋሼ መርዳሳ የባሰ «ሱታ» ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ወርደን ሮጥን። የአውራጃው ዳኛ ለምሳ ሲነሡ በር ላይ ደረስንባቸው። ቆመው አነበቡ፣ ተመልሰው ተቀመጡና ደግመው አነበቡ።

«ወራሹ ታወቀ» አሉ። «ጠያቂ መኖሩንም ራሱ ያውቃል። ሁለት ሳምንት መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?» ፈረሙ። የበሉት ምሳ የለም፤ እኛም አልበላንም።

ማክሰኞ ጠዋት ከዙለይካና ከፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ጋር ስንደርስ የጭነት መኪናው ማስተማሪያው ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ዐሥራ አንዱ ተጭኗል። ትዕዛዙ ተነበበ። ወዛደሮቹ ማውረድ ጀመሩ።

«የጫንኩበትን፣ የማወርድበትን ማን ይከፍለኛል?» አለ ሹፌሩ።

«ክሰስ» አልኩት። «ቢሯችን ጣቢያው ፊት ለፊት ነው።»

መኪናዎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ መልእክተኛው እየቆጠረ መዘገበ። በመጨረሻ ጓዳዋ ጋ ደረሰና «እዚህ ውስጥ ዕቃ አለ?» አለ። መሐመድዘይን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተ። የጨርቅ ጥቅሉ እንደተነገረኝ ጥግ ላይ ተደግፏል። መስኮት የለም። መልእክተኛው ሁለቱንም ጻፈ። መሐመድዘይን ክፍሏን አየ፣ ዙለይካን አየ፣ ከዚያ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ያላመነ ከሆነ ያኔ ያመነ ይመስለኛል። ማመኑ ለክሱ አያስፈልገኝም ነበር።

ክሱ አምስት ወር ፈጀ። መሐመድዘይን ጠበቃ አቁሞ ይርጋ አነሣ፤ መክሰሻው ሁለት ዓመት አልፏል አለ። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነ የካሣው ይርጋ የወንጀሉን ይርጋ ይከተላል ብዬ መለስሁ። ተራ በተራ ሰባቱም መሰከሩ። ዳኛው ስለ ጓዳዋ አምስተኛዋን ከሰሙ በኋላ ስድስተኛዋን አልጠየቁም፤ የእግዱን መዝገብ አውጥተው መልእክተኛው ስለ ክፍሏ የጻፈውን ብቻ አነበቡ። ረታን። መኪናዎቹ በሐራጅ እንዲሸጡ፣ ገንዘቡ ለሰባቱ እንዲከፈል ተፈረደ። ዙለይካ ግን ሦስት መኪና በዕቃ ልውሰድ ብላ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ሙሉዬ «አንቺ ዕብድ ነሽ» አለቻት። «መኪናው ምን አደረገኝ?» አለች ዙለይካ።

መሐመድዘይን ይግባኝ አልጠየቀም። ጠበቃው ለምኖት ነበር፤ አባቴ መቃብሩ ውስጥ በሰው ሐቅ ተይዞ ይግባኝ አልልም አለው አሉ። መኪናዎቹን ያስረከበን ቀን እሱ ራሱ ሦስተኛውን ከጋሪው ላይ አስተካክሎ በገመድ አሰረ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ።

«ዙለይካ» አለ፣ «ሐቅሽን ተቀብለሻል። አሁን ዐፉ በዪው።»

«የተቀበልኩት ፍርድ ቤት ያዘዘውን ነው» አለችው። «ዐፉ ማለት ግን የእኔ ነው። እሱን ማንም አያዝዝም።»

ጋሪው ወደ መቂ አውቶቡስ መናኸሪያ ተነሣ፤ እሷም ከመኪናዎቹ ጎን ተቀመጠች። በኋላ ይቅር ብላው እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ። አልጠየቅኋትም፤ የክሱ ጭብጥ አልነበረም።