የእርሾ ዘይት

«የዊንታ እናት፣ ዘይቱ የጾም ነው የፍስክ?»

ሳሊተ ምሕረት አጠገብ በምንማርበት የጎልማሶች ክፍል ከጎኔ የምትቀመጠው ተናኜ ናት እንዲህ ያለችኝ። ልጄ ዊንታ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ባለ ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ እርሾ ስኳር እየበላ ዘይት እንዲሠራ ታደርጋለች ብዬ የነገርኳት እኔው ነኝ።

«ስኳር በልቶ ይሰባል አልሽ። የሰባ ነገር እንዴት የጾም ይሆናል?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። የላቦራቶሪው ባለቤት ከትንሣኤ በፊት እርሾው ከሚቦካበት ትልቁ ታንከር ዘይት ካልወጣ እዘጋለሁ ብሏል። ከተዘጋ ዊንታ ውጭ አገር ልትሄድ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም።

እራት ላይ ጠየቅኳት።

«እማ ደግሞ! እርሾ እኮ ነው፤ ዳቦ ውስጥ ያለው።»

«ታዲያ ዳቦው ለምን ዘይት አያወጣም?»

«ይሄኛውን ለውጠነዋል። ከሌላ ፍጥረት ጂን ወስደን አስገባንበት። ምን ዓይነት ስብ እንደሚሠራ የሚነግረው እሱ ነው።»

«ከምን ፍጥረት?»

«ሁለት ዓይነት አለን። አንዱ ከሱፍ አበባ፣ አንዱ ከላም። የላሙ ብዙ ይሰጣል፤ ታንከሩ ውስጥ የምንጨምረው እሱን ነው።»

«ከላም? ዊንታዬ፣ በጾም ማን ይገዛሻል?»

«እርሾው ላም አይቶ አያውቅም እኮ!»

«ይህን ለተናኜ ንገሪያት።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። በማግስቱ የሱፉን እንጨምር ብላ ከሥራ ባልደረባዋ ከነህምያ ጋር ተጣላች። በስልክ ሲጮህባት እኔም ሰማሁት። «የሱፉ ቀርፋፋ ነው! ሳይደርስ ይዘጉብናል። ለእናትሽ ጾም ብለሽ ሁላችንንም ልታስወጪን ነው?»

«ለእናቴ አይደለም፣ ነህምያ። ግማሹን ዓመት ለሚጾም ሰው ነው የምንሸጠው።»

የሱፉን ጨመረች። እኔ ምን አፌን አስከፈተኝ እያልኩ ትምህርቱ አልገባ አለኝ፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሳነብ መስመር እዘላለሁ።

የሆሳዕና ዋዜማ ደወለችልኝ። «እማ፣ ነይ እይው።»

ብርጭቆ ውስጥ ነበር፤ ቢጫ፣ ጥርት ያለ። «ያሰብነውን ያህል አይደለም» አለች ዊንታ፣ «ግን ወጥቷል።» ባለቤቱ በጣቶቹ አሸት አደረገው፣ አሸተተው፣ «ቀጥሉ» አለ። ነህምያ አቀፋት፤ ደስታው ከልቡ ነበር። የላሙ ይሻል ነበር የሚለውን ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

ከትንሣኤ በኋላ ነህምያ፣ ባለቤቱ ፈቅዶለት፣ የጾም ጥያቄ በሌለበት ገበያ ሊሠራ የላሙን እርሾ ይዞ ናይሮቢ ሄደ። ዊንታ ቀረች።